ገልባጭ ያጣ ኖታ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጤና ይስጥልን።

«ቤትሆቨን እኮ ጥቁር ነበር» የሚለው ወሬ ጊዜ እየጠበቀ ይነሣል። አንዱ ያመጣዋል፣ ሌላው ይቃወመዋል፣ ሳምንት ሙሉ ሲያነታርክ ሰንብቶ ይረሳል። ማስረጃ የለውም። ከቤትሆቨን ጋር ጎን ለጎን የተጫወተ እውነተኛ ጥቁር ሙዚቀኛ ግን ነበር፤ ጆርጅ ብሪጅታወር ይባላል። ሜይ 24 ቀን 1803 (ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንጽፋለን) ቪየና ውስጥ ቤትሆቨን በፒያኖ፣ ብሪጅታወር በቫዮሊን ሆነው ዛሬ «ክሮይትዘር» የሚባለውን ሶናታ ለመጀመሪያ ጊዜ አሰሙ። የቫዮሊኑ ኖታ ገና ተገልብጦ አላለቀም ነበር። የመጀመሪያውን ክፍል የቤትሆቨን ተማሪ ሊነጋ ሲል ተቀስቅሶ ገለበጠው፤ ለሁለተኛው ጊዜ አልበቃም፤ ብሪጅታወር ከደራሲው የእጅ ጽሑፍ ላይ እያነበበ ተወጣው። በኋላ ተጣሉና ሥራው ለፈረንሳዊው ቫዮሊን ተጫዋች ለሮዶልፍ ክሮይትዘር መታሰቢያ ሆነ። ክሮይትዘር ግን አንድም ቀን በአደባባይ አልተጫወተውም።

እኛ በለገጣፎና በሰንዳፋ አካባቢ ሙዚቃ የምናስተምርና ፒያኖ የምንቃኝ ሰዎች ነን። ጥቁር የክላሲካል ሙዚቃ ደራሲዎች ለምን ተረሱ ሲባል መልሱ «ዘረኝነት» ነው፤ ልክ ነው። ዘረኝነቱ ሥራውን የሠራው ግን በአብዛኛው በወረቀት በኩል ነው። ያልታተመ፣ ያልተገለበጠ ኖታ አይሰማም። ድጓ በቁም ጸሐፊ እጅ ከትውልድ ትውልድ ሲተላለፍ ለኖረበት አገር ይህ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ጆሴፍ ቦሎኝ ሼቫሊዬ ደ ሴን-ዦርዥን እንውሰድ። በ1745 ጓዴሎፕ በተባለችው የካሪቢያን ደሴት በባርነት ትኖር ከነበረች የአፍሪካ ዝርያ ካላት እናት ተወለደ። ፓሪስ ውስጥ በቫዮሊኑም በጎራዴውም ስሙ የገነነ ሰው ሆነ። በ1776 የፓሪስ ኦፔራን እንዲመራ ሲታሰብ ዘፋኞቹ «ከክልስ ትእዛዝ አንቀበልም» ብለው ለንግሥቲቱ አቤት አሉ፤ ነገሩም ቀረ። «ጥቁሩ ሞዛርት» የሚለውን ቅጽል ባንጠቀምበት እንመርጣለን፤ ሞዛርት ከእርሱ በ10 ዓመት ያንሳል። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ኳርቴቶቹ፣ ለሁለት ቫዮሊን፣ ለቪዮላና ለቼሎ የተጻፉት፣ በ1773 ታትመዋል። እንደ ዘመኑ ልማድ የታተሙት በየመሣሪያው ተለያይተው ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች የራሱን ገጽ፣ ማለትም ፓርቱን ይይዛል፤ አራቱንም ባንድ ላይ የሚያሳይ ስኮር የለም። አንዷ ፓርት ከጠፋች ሥራው አበቃለት።

ፍሎረንስ ፕራይስ ላይ የደረሰው የዚህ ተቃራኒ ነው። በ1887 አርካንሶ ተወለደች። ጁን 15 ቀን 1933 የቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ የመጀመሪያ ሲምፎኒዋን ተጫወተ። በትልቅ የአሜሪካ ኦርኬስትራ ሲምፎኒዋ የተሰማላት የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናት። ያ ሲምፎኒ መጽሐፍ ሆኖ የታተመው ግን በ2008 ነው፤ እርሷ ካረፈች 55 ዓመት በኋላ። በ2009 ደግሞ ኢሊኖይ ውስጥ ዛፍ ወድቆ ጣሪያውን በበሳው ባዶ ቤት፣ ዝናብ ባልደረሰበት ጥግ፣ ክምር የእጅ ጽሑፍ ተገኘ። ሁለት የቫዮሊን ኮንቸርቶ (አንድ ቫዮሊን ከኦርኬስትራ ጋር የሚጫወትበት ሥራ) እና አራተኛው ሲምፎኒዋ እዚያ ውስጥ ነበሩ። ጣሪያው ሁለት ክንድ ወዲያ ቢበሳ ኖሮ ዛሬ የምናወራው አይኖርም ነበር።

ሳሙኤል ኮለሪጅ-ቴይለር በወረቀት አልተቸገረም፤ የተጎዳው በውል ነው። አባቱ የሴራሊዮን ሐኪም፣ ትውልዱ ለንደን። በ1898 የጻፈውን «የሃያዋታ የሠርግ ድግስ» የተባለ የመዘምራንና የኦርኬስትራ ሥራ ለአሳታሚው ጠቅልሎ በ15 ጊኒ (15 ፓውንድ ከ15 ሽልንግ) ሸጠው። መጽሐፉ እየታተመ እየተሸጠ አሳታሚውን ሲያበለጽግ ለእርሱ ከሽያጩ ምንም አልደረሰውም፤ በ1912 በ37 ዓመቱ በሳንባ ምች ሞተ። በ1914 የእንግሊዝ የሙዚቃ ደራሲዎች የመብት ማኅበር ሲቋቋም ከተጠቀሱት ጉዳዮች አንዱ የእርሱ ነበር። ዜማ አንድ ጊዜ ተከፍሏቸው ለሚሸጡ የእኛ ወጣቶች ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ በእኛ አቆጣጠር ነው) በአገራችን አለ፤ ከመፈረም በፊት ማንበብ ነው።

የራሳችንስ? ዶ/ር አሸናፊ ከበደ (1938–1998) የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ። ለዋሽንት፣ ለቫዮሊንና ለጃፓን ኮቶ ጭምር ጽፈዋል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የፒያኖ ሥራዎች በ2013 ኢየሩሳሌም ውስጥ በኖታ ታትመዋል። እዚህ ከተማ ዳር ግን የአንዳቸውን ገጽ በእጁ ይዞ የሚያጠና ልጅ ማግኘት ከባድ ነው፤ ከስልክ ሰምቶ መምሰል ብቻ ሆኗል።

ታዲያ ምን ይደረግ? የሴን-ዦርዥ ኳርቴት ያለ ትልቅ ገንዘብ፣ በዚህ ዓመት፣ ከከተማ ዳር ሊሰማ ይችላል። ደራሲው ከሞተ ከ200 ዓመት በላይ ስለሆነው ጥንታዊ እትሞቹ ነጻ ናቸው፤ አይኤምኤስኤልፒ ከተባለው የኖታ ድረ-ገጽ ይወርዳሉ። የመጀመሪያዎቹ ስድስቱ እያንዳንዳቸው ሁለት ክፍል ብቻ ስላላቸው ለጀማሪ ቡድን አይከብዱም። ኮንቸርቶዎቹን ግን አትንኩ። እጁ ለቫዮሊን የተፈጠረ ሰው ለራሱ የጻፋቸው ናቸው፤ የጀማሪ ጣት ሳይደርስባቸው ጆሮ ያሳምማሉ።

በእኛ በኩል ቫዮሊን አይጠፋም፤ የሚጠፋው ቪዮላና ቼሎ ነው። የቪዮላውን ፓርት ለሦስተኛ ቫዮሊን እንገለብጠዋለን። ቪዮላ የሚነበበው መካከለኛው መስመር ዶ በሆነበት ቁልፍ ስለሆነ ወደ ቫዮሊን ቁልፍ መጻፍ አለበት። የቫዮሊን የመጨረሻ ወፍራም ክር ሶል ነው፤ ከእርሷ በታች ያለው ሁሉ አንድ ኦክታቭ (ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ከፍ ይላል። ስሕተቱ የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፦ ገልባጩ ቫዮሊን የማይደርስባትን አንዲት ኖታ ብቻ ነቅሎ ሲያወጣት ዜማው መሀል ላይ ይዘላል፣ አንዳንዴም ከሁለተኛው ቫዮሊን በላይ ወጥታ የኮርዱን መልክ ታዛባለች። ከዕረፍት እስከ ዕረፍት ያለውን ሐረግ ሙሉውን ማንሣት ይሻላል።

ለቼሎ ባስ ጊታር ይበቃል። የቼሎ ዝቅተኛዋ ዶ በባስ ጊታር ላ ክር፣ ሦስተኛው ፍሬት ላይ ናት። ባሲስቱ የቼሎውን ወረቀት እንደለመደው ካነበበ ግን ሁሉም ነገር አንድ ኦክታቭ ይወርዳል፤ ባስ ጊታር ከሚጻፍለት አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ ስለሚሰማ። ስለዚህ ሙሉ ፓርቱን አንድ ኦክታቭ ከፍ አድርጋችሁ ጻፉለት። አምፕሊፋየሩም ከቫዮሊኖቹ ኋላ ይቀመጥ፣ ድምፁ ይቀነስ።

ሲገለበጥ በየመስመሩ መነሻ የባር (በቋሚ መስመር የሚለየው የኖታ ክፍል) ቁጥር ይጻፍ። ሁሉም ፓርት ሲያልቅ የአራቱ የባር ብዛት እኩል መሆን አለበት፤ አንዱ በሁለት ቢጎድል ገልባጩ ዕረፍት ዘሏል ማለት ነው። ልምምድ መሀል «ማነው የጠፋው?» እየተባለ የሚባክነው ሰዓት በዚህች ቆጠራ ይድናል። ገጽ የሚገለጠው እጅ ባዶ በሆነበት ዕረፍት ላይ እንዲሆን አድርጉ። ሙዝስኮር የተባለው ነጻ የኮምፒውተር ፕሮግራም ይህን ሁሉ ያግዛል፤ ባሩን ግን ለራሱ አትተዉለት፣ በጣት ቁጠሩ።

ስለ መሣሪያው ሁለት ነገር እንጨምር። በክረምት እርጥበቱ የቫዮሊንን መቃኛ እንጨት ያሳብጠውና ይነክሳል፤ በበጋ ደግሞ ይኮማተርና ክሩ ይለቃል። ሲለቅ ጠመኔ ቀብቶ ወደ ውስጥ እየገፉ ማዞር ነው። ፒያኖም በክረምት ቅኝቱ ይወጣል፣ በበጋ ይወርዳል። ስለዚህ ዝናቡ ቆሞ ሳምንታት ሳይቆይ አታስቃኙት፤ ጥቅምት ጥሩ ነው። ለዓመታት ሳይነካ የቆየና ከ440 ኸርዝ (መደበኛው የላ ቅኝት) ብዙ የወረደ ፒያኖ ባንድ ዙር አይቃኝም። መጀመሪያ ሁሉንም ክር በግርድፉ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ እንደገና መቃኘት ነው፤ አለበለዚያ የኋለኞቹ ክሮች ሲወጠሩ የፊተኞቹ ይወርዳሉ። በኪቦርድ የሚለማመድ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ትራንስፖዝ የሚለውን ቁልፍ ይመልከት። ለዘፈን ተብሎ በግማሽ ድምፅ ተነሥቶ ስለሚቀር ጥፋቱ ብዙ ጊዜ በቫዮሊኖቹ ይላከካል።

ልምምዱ በነሐሴ ከሆነ ከምሳ በፊት ይሁን። ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታ ሴን-ዦርዥም አይሰማም።

አዘጋጅ ሆይ፣ ልመናችን አንድ ነው። ጋዜጣችሁ ግጥም እንደሚያትም ሁሉ በወር አንድ ጊዜ ግማሽ ገጽ ኖታ ያትም። በአንድ መስመር አራት ባር፣ ስምንት መስመር፣ በድምሩ 32 ባር ይይዛል፤ አንድ ዜማ ነው። ኖታ የሚጻፍባቸው አምስቱ ጭረቶች ከላይ እስከ ታች ከ7 ሚሊሜትር እንዳያንሱ፤ የጋዜጣ ቀለም ስለሚፈስ የኖታዎቹ ራስ ይደፈናል። ሥዕል አያስፈልገውም፣ ከጥቁር ሌላ ቀለም አይጠይቅም። ለመጀመሪያው ኮለሪጅ-ቴይለር በ1905 ካሳተማቸው 24 ዜማዎች አንዱን መርጠናል። በጥቁር አሜሪካውያን መዝሙር ላይ የተሠራ ስለሆነ ትዝታ የለመደ ጆሮ አይቸገርበትም። ገልብጠነዋል፤ ባሩም ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሙዚቃ መምህራንና የፒያኖ ቃኚዎች
ከለገጣፎ