ፓወር ሜትር ልትገዙ ላሰባችሁ

ሰላም ቤተሰብ፣

ከውጭ በሚመጣ ሰው ፓወር ሜትር (ሳይክል ስትነዱ የምታወጡትን ጉልበት በዋት የሚለካውን መሣሪያ) ልታስመጡ ያሰባችሁ እንዳላችሁ ሰምቻለሁ። ብሩ ከመውጣቱ በፊት ይቺን አንብቡልኝ።

እኔ የማደላው መለኪያው ፔዳሉ ውስጥ ላለው ነው። ከአንዱ ሳይክል ፈታችሁ ሌላው ላይ ወዲያው ታስሩታላችሁ፣ መካኒክ አያስፈልግም። ችግሩ፣ ስትወድቁ መጀመሪያ ድንጋይ የሚነካው እሱ ነው።

የግራ ክራንክ (ፔዳሉ የሚታሰርበት ክንድ) ላይ ያለው ረከስ ይላል። የሚለካው ግን የግራ እግርን ብቻ ነው፤ ያንኑ እጥፍ አድርጎ ያሳያችኋል። ቀኝ እግሩ የሚበረታ ሰው ቁጥሩ ዝቅ ይልበታል። ለልምምድ ያን ያህል አያሳስብም፣ ዛሬም ነገም በአንድ ሚዛን እስከተለካችሁ ድረስ። ብቻ የክራንካችሁን ርዝመት ሳታዩ እንዳታዝዙ፤ 170 ነው 172.5 ሚሊሜትር? ውስጥ በኩል ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ጠዋት ብርድ ላይ መለኪያውን ስታወጡት ትንሽ ቆዩና ዜሮ አድርጉት፣ ማለትም ሳትረግጡት ንባቡን ከዜሮ አስጀምሩት። ይሄን የሚዘል ሰው ቁጥሩን ባያምን አይፈረድበትም።

ደግሞ ባሕር ዳርቻ ከሚጋልብ ዘመድ ጋር ዋት አትፎካከሩ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፣ አየሩ ስስ ስለሆነ ዋታችሁ ዝቅ ይላል፤ እንጦጦማ ይብሳል።

የኔን መሞከር የፈለገ እሁድ ጫማውን ይዞ ይምጣ። ክሊቱ (ጫማው ስር ተገጥሞ ፔዳሉ ላይ የሚቆለፈው) ሉክ ኬኦ ነው፣ የሺማኖ አይገባም።