ለደወሉ ቁጥር ሰጣችሁት፣ ደዋይዋስ? ለዞናችን ባህልና ቱሪዝም ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ኃላፊ፣

እንደምን ከረሙ ብዬ ልጀምር ነበር። ግን ከጥር እስከ ሰኔ ቢሮዎ ደጃፍ ስመላለስ ስለከረምኩ ደህና መሆንዎን አውቃለሁ። መኪናዎ ግቢ ውስጥ ቆማ ትውላለች። እርስዎ ስብሰባ ላይ ነዎት። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ሦስት ማመልከቻ አስገብቻለሁ። ሦስቱም የገቢ ቁጥር አላቸው። የመጀመሪያው "እናየዋለን" ተባለ። ሁለተኛው ጠፋ። ሦስተኛውን ሳቀርብ የመዝገብ ቤቷ ልጅ አየችኝና "ጋሼ፣ አይሰለችዎትም?" አለችኝ። ይሰለቸኛል። አራተኛውን አደባባይ ያወጣሁት ስለሰለቸኝ ነው።

ካቻምና የካቲት ላይ ከመምሪያዎ ሦስት ባለሙያዎች ደብራችን መጡ። የድንጋይ ደወላችንን በቅርስነት ሊመዘግቡ ነው። ደስ አለን። ደወሉ ወይራ ዛፍ ላይ በጠፍር የተንጠለጠሉ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች ነው። የጣና ገዳማትን ወይም ላሊበላን የተሳለመ ሰው ዓይነቱን ያውቀዋል። ልጆቹ ሜትራቸውን ዘረጉ። ቁመት ለኩ፣ ወርድ ለኩ፣ ውፍረት ለኩ።

እማሆይ ደወሉ ሥር ቆመዋል። ፎቶ ይነሣል ሲባል ሰምተው ቆባቸውን አስተካክለዋል። መምቻዋን ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል። ፎቶ አንሺው "እማማ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልኝ፣ ጥላዎ ገባብኝ" አላቸው። ፈቀቅ አሉ። "ትንሽ ጨመር ያድርጉ" አላቸው። ጨመሩ። እንዲህ እንዲህ እያሉ ከፎቶው ወጡ።

ከቅጹም ወጡ። የቅጹን ኮፒ ሰበካ ጉባኤው ዘንድ አይቼዋለሁ። የቅርሱ መጠሪያ፣ የተሠራበት ቁስ፣ ልኬት፣ የጉዳት ሁኔታ፣ ባለንብረት፣ ሁሉም በሥርዓት ተሞልቷል። "አገልግሎት" በሚለው ላይ "ለጥሪ" ተብሎ ተጽፏል። ማን እንደሚጠራበት ግን የለም። ድንጋዩ እንግዲህ ሌሊት ሌሊት ራሱን በራሱ እየመታ ይሆናል።

ክቡር ኃላፊ፣ ያን ደወል 42 ዓመት የደወሉት እኒያ ፈቀቅ በሉ የተባሉት መነኩሲት ናቸው።

ባላቸው ሲሞቱ መንኩሰው ከአጥሩ ሥር ትንሽ ጎጆ ቀለሱ። ዲያቆናቱ ለትምህርት እየተበተኑ ደወሉ ሰው አጣ። አንድ ሌሊት የሚደውል ጠፍቶ ካህኑ ብቻቸውን ኪዳን ሲያደርሱ ሰሙ። በማግስቱ መምቻዋን አነሡ። ይኸው ነው። ማንም አልሾማቸውም። ደብረ ዳሞ ሴት አትወጣም፣ ክብራን ገብርኤልም ሴት አትገባም፤ ሥርዓት ነው፣ አልከራከርም። እኛ ደብር ግን የከለከላቸውም አልነበረም፣ የተካቸውም አልነበረም።

ሰዓት አልነበራቸውም። አንድ የከተማ ሰው የእጅ ሰዓት ገዝቶ ሰጣቸው። ወስደው ለዲያቆኑ ሰጡት። "እሱ ነው የሚያረፍደው" አሉ።

የሚደውሉት ደግሞ ዝም ብሎ ማንኳኳት አልነበረም። ለኪዳን ሌላ ነው፣ ለማኅሌት ሌላ ነው፣ ለምሕላ ሌላ ነው። ለቀብር ሲሆን አንዴ ይመቱና ዝም ይላሉ። በዝምታው ውስጥ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ይደርሳል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ይመታሉ። ቁጥሩ በልባቸው ነው። እሳት ሲነሣ ደግሞ ያለ ፋታ ነው፣ እጃቸው እስኪዝል። ሰው ከአልጋው ሳይነሣ ምን እንደሆነ ያውቃል። ጋቢ ለብሶ እንደሚመጣ ወይ እንስራ ይዞ እንደሚሮጥ እዚያው ተኝቶ ይወስናል።

ጠፍሩን የሚቀይሩት እሳቸው ነበሩ። ክረምት ሲገባ ይረጥብና ይለጠጣል፣ ድንጋዩ ዝቅ ይልና ግንዱን ይነካል፣ ድምፁ ይታፈናል። ቆዳ ለምነው፣ አልፍተው፣ ቆርጠው ይቀይሩታል። ድንጋዩ ላይ ከመሃል ዝቅ ብሎ የጎደጎደች ቦታ አለች፤ ከሳቸው በፊት የነበሩትም የመቷት። ጣትዎን ቢያስገቡባት ልሙጥ ናት፣ እንደ ወፍጮ መጅ። ባለሙያዎችዎ እሷን "መጠነኛ ጉዳት" ብለው መዝግበዋታል።

አሁን ወደ ፖስተሩ እንምጣ።

መናኸሪያው ፊት ለፊት ትልቅ ፖስተር ሰቅላችኋል። "ቅርሶቻችንን እንጠብቅ!" ይላል። ደወላችን አለበት። ከደወሉ አጠገብ አዲስ ጋቢ ለብሰው፣ መምቻዋን እንደ ማይክሮፎን ጨብጠው የሚታዩት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ምዝገባው ካለቀ በኋላ አንድ ቅዳሜ መጥተው የተነሡት ነው። መምቻዋን ያቀበሉዎት እማሆይ ነበሩ። ላያስታውሷቸው ይችላሉ።

እማሆይን ለዓይናቸው ሕክምና ከተማ ይዣቸው መጥቼ ከአውቶቡስ ስንወርድ ፖስተሩን አዩት። ቀረብ ብለው አተኩረው አዩት።

"ይሄ ደዋይ የየት ደብር ነው?" አሉኝ።

"ደዋይ አይደሉም እማሆይ፣ የመምሪያው ኃላፊ ናቸው" አልኳቸው።

"እግዜር ያበርታቸው። ግን ልጄ፣ ከጠፍሩ ሥር ነው የሚመቱት። እዚያ ጋ ድንጋዩ ዲዳ ነው። ዝቅ ያድርጉ በላቸው።"

ይኸው ነገርኩዎት። በሦስቱም ማመልከቻዎቼ ላይ ጽፌው ነበር፣ ስላልደረሰዎ ነው።

እሳቸው ስለ ስማቸው አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። የተናደድኩት እኔ ነኝ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያስገባሁት በሕይወት እያሉ ነው። ከ"እናየዋለን" በኋላ የተሰጠኝ መልስ "ቅጹ ላይ ለደዋይ የሚሆን ቦታ የለም" የሚል ነው። ከሥር አንድ መስመር መጨመር ያቅታል? ያቅታል አሉ። ሁለተኛ ጊዜ ስመጣ አንድ ባለሙያ አስቀምጦ አስተማረኝ። "ጋሼ፣ ቅርስ ማለት የሚዳሰስ ነገር ነው። ሴትዮዋ ቅርስ አይደሉም።"

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጁን፣ ቁጥር 209/1992ን፣ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። መደርደሪያዎ ላይ አይቼዋለሁ፤ ላስቲኩ እንኳ አልወለቀም። አዋጁ በእጅ የማይዳሰስ ሆኖ የሚታይ ወይም የሚሰማ ነገርንም ቅርስ ይለዋል። የሃይማኖትና የሐዘን ሥርዓትን በስም ይጠራል። የሚሰማ ይላል እኮ! የዚያች ሴት ሥራ ከመሰማት በቀር ሌላ ምን ነበር? መስቀል በ2006፣ ጥምቀት በ2012 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍሩ ተጨፍሯል፤ እርስዎም ንግግር አድርገዋል። መስቀል ይዳሰሳል? ደመራው ራሱ ተቃጥሎ አመድ ይሆናል።

ስፔን በኅዳር 2015 ዓ.ም. ዩኔስኮ ዘንድ ያስመዘገበችው በእጅ ደወል መደወልን ነው። ደወሉን አይደለም፣ መደወሉን ነው። ለሞት እንዴት እንደሚደወል፣ ለእሳት እንዴት እንደሚደወል፣ ያንን የሚያውቁት ደዋዮች ናቸውና። እማሆይ ይህን ሲሰሙ ሳቁ። "እዚያም ቤት ይቃጠላል ማለት ነው?" አሉ።

እንግሊዞቹ ደግሞ ስም መመዝገብ ይወዳሉ። የደወል ቡድናቸው ሳያቋርጥ ሦስት ሰዓት ያህል፣ ከ5,000 ጊዜ በላይ ቅደም ተከተል እየለዋወጠ የሚደውለው ትልቅ ደውል አላቸው። እሱን በመደወል የመጀመሪያዋ ሴት አሊስ ኋይት ትባላለች፤ በ1896 እ.ኤ.አ. ነው፣ ቤዚንግስቶክ በምትባል ከተማ። አንድ ቀን ለሦስት ሰዓት የደወለች ሴት ስሟ ይኸው እኔ ዘንድ ደረሰ። 42 ዓመት የደወሉት ግን ከመኖሪያቸው 30 ኪሎ ሜትር የማይርቀው ቢሮዎ አልደረሱም።

ሁለተኛውን ማመልከቻ ሳስገባ ድምፃቸውን በፍላሽ ይዤ ሄጄ ነበር። በስልኬ የቀረጽኩት ነው፤ 40 ሰከንድ አይሞላም። የኪዳን ደውል ነው። ከጀርባ ዶሮ ይጮኻል፣ እማሆይ ሁለቴ ያስላሉ። ፋይሉ ውስጥ ይግባልኝ አልኩ። "ፍላሽ አንቀበልም፣ ቫይረስ ያመጣብናል" ተባልኩ። በዓለም ላይ ያለው የሳቸው ቅጂ እሱ ብቻ ነው።

ለእውነቱ፣ ቤተ ክህነቱንም አላልፈውም። ሰበካ ጉባኤው የሚተዳደርበት ደንብ ስሙ ቃለ ዓዋዲ ነው፤ የአዋጅ ነጋሪ ድምፅ ማለት ነው። አገሩን በድምፅ ሲጠሩ የኖሩት ሴት ግን ደመወዝ መዝገብ ላይ ኖረው አያውቁም። ለዓመት በዓል አንድ ነጠላ፣ አንዳንዴም እሷም ትቀራለች። እናንተ "የቤተ ክህነት ጉዳይ ነው" አላችሁኝ፣ እነሱ "ቅርስ የመንግሥት ነው" አሉኝ። በመሃል እኔ በአውቶቡስ።

ባለፈው ኅዳር እማሆይ ዐረፉ።

ሌሊት ነው ያረፉት። ጎረቤታቸው መነኩሲት ናቸው ያገኟቸው። ካህኑ አንዱን ልጅ፣ ገና ዲቁና ያልተቀበለ ተማሪ፣ "ሂድ ደውል" አሉት። ልጁ ምን ያድርግ? ማን አስተማረው? የሐዘኑን ደውል አያውቀውም። ደግሞ ይወዳቸው ነበር፣ እያለቀሰ ነው። መምቻዋን አነሣና ባለ በሌለ ኃይሉ መታው፣ ያለ ፋታ።

አገሩ እሳት መስሎት ወጣ። እኔም ወጣሁ። ሴቱ እንስራ አዝሎ፣ ወንዱ ቅጠል ሰብሮ በጨለማ ሮጠን ደረስን። አንዲት እናት ውኃው በጀርባቸው ላይ እየተንቆረቆረ "የማን ቤት ነው? የማን ቤት ነው?" እያሉ ይጮኻሉ። የሚጨስ ነገር የለም። ልጁ ወይራው ሥር ቆሟል፣ አሁንም ይመታል። ካህኑ ሄደው እጁን ያዙት።

የኛን ሰው ሁሉ በሥርዓት ሲሸኙ የኖሩት ሴት የራሳቸውን ደውል ሳያገኙ ሄዱ። ውኃውን እዚያው አፈሰስነውና ተቀምጠን አለቀስን።

ከዚያ ወዲህ አንድ በጎ አድራጊ ሞንታርቦ ገዝቶልናል። ወይራው ላይ አስረውታል። መብራት ሲኖር ይጮኻል። የቅርስ ቁጥራችሁ በነጭ ቀለም የተጻፈበት ድንጋይ ከሥሩ ዝም ብሎ ተንጠልጥሏል። ክረምቱ ገብቷል። ጠፍሩ መለጠጥ ጀምሯል፤ የሚቀይረው የለም። ከወደቀ "የጉዳት ሁኔታ" የሚለውን ለማስተካከል መምጣታችሁ አይቀርም።

የምፈልገው ብዙ አይደለም። ሐውልት አላልኩም። መንገድ በስማቸው ይሰየም አላልኩም። ቅጹ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፣ ስማቸው ይግባ፣ 42 ዓመት ይባል። ፖስተሩ ይውረድ። በአጎራባች አጥቢያዎች እኔ እንኳ የማውቃቸው ሌሎች ሁለት ደዋይ እናቶች አሉ፤ የአንዷ ዓይን እየደከመ ነው። ሜትር ሳይሆን መቅረጫ ይዛችሁ ሂዱ፤ ፎቶ አንሺውንም ምከሩልኝ።

ስማቸውን እዚህ አልጻፍኩም። እኔ ኢንተርኔት ላይ እንድበትነው ሳይሆን እናንተ መዝገብ ላይ እንድታሰፍሩት ነው የምፈልገው። አልጠፋባችሁም። ከነአባታቸው፣ ከነክርስትና ስማቸው በሦስተኛው ማመልከቻ ሁለተኛ ገጽ ላይ በእጄ ጽፌዋለሁ። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ሰማያዊ ፋይል ውስጥ ከታ ከመስኮቱ ሥር ባለው ቁም ሳጥን፣ ከታች መደዳ ስታስቀምጠው ቆሜ አይቻለሁ። ቁልፉ እሷ ዘንድ ነው።

ከሰላምታ ጋር (ደንብ ስለሆነ ነው)

የደብሩ ምእመን

ግልባጭ፦
ለደብሩ ሰበካ ጉባኤ
ለመዝገብ ቤት፣ ለአራተኛ ጊዜ