«ማሽኑ ነው የሚያሰላው»

ክቡር አዘጋጅ፣

አክስቴ ባህር ዳር ከሃያ ዓመት በላይ ሱቅ ነግዳለች። ካልኩሌተር ስትነካ አይቻት አላውቅም፤ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደምርና ድምሩን ትነግርሃለች። ቨርጂኒያ ከመጣች ገና ሰባተኛ ወሯ ነው። በቅርቡ እዚሁ አሌክሳንድሪያ ከአንድ ያገራችን ሰው ሱቅ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ምስርና ጥሬ ቡና ገዛን። ዕቃው 64 ዶላር፤ የከፈልነው ግን 67 ዶላር ከ84 ሳንቲም። መኪና ውስጥ ደረሰኙን አገላብጣ አየችና «ይቺ ሦስት ከሰማንያ አራት የምን ናት?» አለችኝ።

«ታክስ ናት።»

«ከመቶ ስንት ቢሆን ነው?»

እኔ ስድስት ዓመት ካሸር ሆኜ የሠራሁ ሰው ነኝ። የራሴን ደረሰኝ ግን አንብቤ አላውቅም ነበር። ሳሰላው 6 በመቶ ሆነ። ለእነዚያ ዕቃዎች መከፈል የነበረበት 1 በመቶ ብቻ ነው፤ 64 ሳንቲም።

ተመልሰን ገባን። ባለሱቁ ትሁት ሰው ነው፤ «እናቴ፣ ማሽኑ ነው የሚያሰላው፤ እኛ አንጨምርም፣ አንቀንስም» አላት። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈችኝ ይቺ ንግግር ናት። ሰውየው ዋሽቷል አልልም፤ የሚያምነውን ነው የተናገረው። ነገር ግን ማሽን የሚያሰላው ሰው የነገረውን ነው። ዕቃው መጀመሪያ ሲመዘገብ የታክሱ ዓይነት አብሮ ይሞላል። ቸኩሎ ሁሉንም በአንድ ዓይነት የሞላ ሰው ሽሮውን ከልብስ ሳሙናው ጋር አንድ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ስህተቱ በየቀኑ፣ በየደንበኛው ይደገማል።

ሂሳቡ ራሱ ከባድ አይደለም። በሰሜን ቨርጂኒያ 6 በመቶ የምንለው የሦስት ነገሮች ድምር ነው፦ 4.3 የስቴቱ፣ 1 የከተማው ወይም የካውንቲው፣ 0.7 ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ ለአካባቢያችን መንገድና ትራንስፖርት የተጨመረ። ለዚህ ነው ወደ ተራራው በኩል ሃሪሰንበርግ ብትሄዱ 5.3 የሚሆነው። ቤት ወስደን የምናበስለው ምግብ ላይ ግን ስቴቱ የራሱን ድርሻ ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ ትቶታል፤ የቀረችው የከተማዋ 1 በመቶ ብቻ ናት። የሕፃን ዳይፐርም እንደዚሁ። 99 ሳንቲም የተለጠፈባት ውሃ ልክ አንድ ዶላር ትመጣለች፤ 99 ሳንቲም የተለጠፈባት ሳሙና ደግሞ አንድ ዶላር ከአምስት ሳንቲም። በፉድ ስታምፕ (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች በሚሰጠው የምግብ መግዣ ድጎማ) የተገዛ ምግብ ደግሞ በፌዴራሉ ሕግ ጭራሽ ታክስ አይነካውም፤ ያቺ 1 በመቶም አትነካውም። ይህን የማያውቁ ብዙ እናቶች አሉ፤ ደረሰኛቸውን እንዲያዩት እለምናለሁ።

አክስቴን ያስገረማት እንጀራው በላስቲክ ሲሆንና በትሪ ሲሆን ያለው ልዩነት ነው። «አገር ቤት አሥራ አምስት ከተባለ ከጎንደር እስከ ሞያሌ አሥራ አምስት ነው፤ እዚህ ግን ወጥ ሲፈስበት ቀረጡ ይለወጣል?» ትላለች። አዎ፣ ይለወጣል። አሌክሳንድሪያ ምግብ ቤት ስንቀመጥ 6ቱ ላይ የከተማዋ የምግብ ታክስ 5 በመቶ ይጨመርበታልና 11 ይሆናል። አርሊንግተን 4 ይጨምራል፤ ፌርፋክስ ካውንቲም ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ 4 አስገብቷል፤ ሁለቱም ዘንድ 10። ዋሽንግተን ዲሲ ምግብ ቤት 10። ድልድዩን ተሻግራችሁ ሲልቨር ስፕሪንግ ብትበሉ ሜሪላንድ ለካውንቲ የሚጨመር የሽያጭ ታክስ ስለሌላት 6 ብቻ። የ80 ዶላር እራት አሌክሳንድሪያ 88 ከ80፣ ሲልቨር ስፕሪንግ 84 ከ80 ማለት ነው። ለአራት ዶላር ብሎ ዋሽንግተንን በሚዞረው አውራ ጎዳና፣ በቤልትዌይ፣ የመኪና መጨናነቅ ውስጥ የሚቆም ሰው ካለ ግን ምክሬን አይስማ። (ለጫማና ለስልክ ደላዌር ድረስ የሚነዱ ዘመዶች አሉኝ፤ እዚያ የሽያጭ ታክስ የለም። ቤንዚኑንና የመንገድ ክፍያውን ደምሩ ስላቸው ይቆጡኛል።)

ምግብ ቤቶቻችንን በተመለከተ አንድ ቅሬታ አለኝ። ስክሪኑን ወደ እኛ ሲያዞሩት የሚመጣው 18፣ 20፣ 25 በመቶ ቲፕ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ታክሱ ከተጨመረ በኋላ ካለው ድምር ላይ ነው። በዚያው የ80 ዶላር እራት 20 በመቶው 16 ዶላር መሆን ሲገባው 17 ከ76 ይሆናል። ለሚያስተናግዱን ልጆች መስጠቱን አልጠላም፤ እኔም ከዚያ በላይ የምተውበት ቀን አለ። ግን ለከተማው ግብር በከፈልኩት ላይ ለምን ቲፕ እከፍላለሁ? ይህም የማሽን አደረጃጀት ጉዳይ ነው፤ ባለቤቱ ሊያስቀይረው ይችላል።

ወደ ባለሱቆች ልመለስ። በስህተት አብልጦ የተሰበሰበ ታክስ የባለሱቁ ትርፍ ሊሆን አይችልም፤ በቨርጂኒያ ሕግ ወይ ለገዢው ይመለሳል፣ ወይ ለስቴቱ ገቢ ይደረጋል። ስለዚህ አምስት በመቶ ከደንበኛው አብልጦ እየወሰደ፣ እሱኑ መልሶ ለስቴቱ የሚያስረክብ ባለሱቅ ለራሱ ምንም አላተረፈም፤ ደንበኛውን ግን ወደ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች ገፍቶታል። እናንተም በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ የቨርጂኒያን፣ የሜሪላንድንና የዲሲን ተመን ጎን ለጎን በአማርኛ ብታወጡልን፣ ቢያንስ የአክስቴ ዓይነቶቹ ማቀዝቀዣቸው ላይ ይለጥፉታል።

ባለሱቁ 3 ዶላር ከ20 ሳንቲሙን መልሶልናል፤ ስህተቱንም አስተካክላለሁ ብሏል። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ሄደናል። እንጀራው፣ ሽሮው፣ ምስሩና ቡናው ወደ 1 በመቶ ወርደዋል። በርበሬው ባለፈው ቅዳሜም 6 ላይ ነበር፤ አክስቴ ደረሰኙን ቦርሳዋ ውስጥ አስቀምጣዋለች።

ከአክብሮት ጋር
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ