ስኳሬ የመጣው ከበርገር አይደለም

ለዝግጅት ክፍሉ፦

ባለፈው ሳምንት ስለ ሴቶችና ስለ ስኳር በሽታ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ሁሉንም ነገር በፒዛና በበርገር አሳብበው፣ መድኃኒቱ ወደ ባህላዊ ምግባችን መመለስ ነው ይላሉ። ደስ ይላል። ችግሩ፣ እኔ ከባህላዊ ምግባችን ወጥቼ አላውቅም።

በርገር አንዴ ሰው ልደት ላይ ቀርቦልኝ ግማሹን ትቼዋለሁ። ምሳዬ እንጀራ በሽሮ ነው። ራቴም ያው ነው። ጾሙን እጾማለሁ፣ ቡናዬን ከጎረቤት ጋር እጠጣለሁ። እንዲህ እየበላሁ በ2008 ዓ.ም. ሴት ልጄን ሳረግዝ የእርግዝና ስኳር ተገኘብኝ። በ2011 ደግሞ ለይቶለት ዓይነት 2 ስኳር ሆነ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ቀስ ብዬ ግን የራሴን ትሪ ከአያቴ ትሪ ጋር ማስተያየት ጀመርኩ። አያቴ ወሎ ገጠር ነው የኖረችው። ስም ለስም ካየነው የምንበላው አንድ ነው፦ እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን፣ ቡና።

እንጀራውን የምገዛው ከሰፈር ነው። አንድ ቀን ጋጋሪዋን «ምነው እንዲህ ነጣ?» አልኳት። «ሩዝ ጣል አድርጌበት ነው፤ ጤፉ አልቀመስ ብሎ» አለችኝ። አልፈርድባትም። የጤፍን ዋጋ እኔም አውቀዋለሁ። ግን ነገሩ ቀላል አይደለም። የጤፍ ፍሬ ከማነሷ የተነሳ የምትፈጨው ከነገለፈቷ ነው፤ ፋይበሯም አብሮ ይመጣል። ነጭ ሩዝ ግን ተፈትጎ የተራቆተ ነው። ሆድ እንደገባ ቶሎ ስኳር ይሆናል። የአያቴ እንጀራ ቀይ ጤፍ ነበር፤ አንዳንዴም ማሽላ። ያኔ «የድሃ እንጀራ» የሚባለው እሱ ነበር። (ጤፍ ቢሆንም ታዲያ ስታርች ነው፤ ሆድ ገብቶ ስኳር መሆኑ አይቀርም። ሦስት እንጀራ በልቶ «ጤፍ እኮ ነው» ማለት አያዋጣም። እኔ ሞክሬዋለሁ።)

ዘይቱ ሌላ ታሪክ ነው። አያቴ ወጡ ላይ ጠብ የምታደርገው የኑግ ዘይት ነበር። እኔ ሽንኩርት የማቁላላው በረጋ ዘይት ነው፤ ያ ከፓልም የሚመጣው። ግማሽ ያህሉ ደም ውስጥ ኮሌስትሮል የሚጨምረው ዓይነት ስብ ነው። ቅቤስ ያው አይደለም ወይ ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን አያቴ ቅቤውን ገበያ አውጥታ ትሸጠው ነበር እንጂ በየቀኑ አትበላውም።

ቡናውንም ልንገራችሁ። አያቴ የምትጠጣው በጨው ነበር። እኔ በሲኒ ሁለት ማንኪያ ስኳር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ስድስት ማንኪያ ማለት ነው። ከሰዓት ደግሞ ጎረቤት ከጠራችኝ አሥራ ሁለት። ለስላሳውን ገና አልቆጠርኩም። ጾሙም ቢሆን ስሙ ነው የቀረው። ድሮ ጎመንና ክክ ነበር፤ ዛሬ ፓስታ፣ ሳምቡሳ፣ ቦምቦሊኖና ስኳር የበዛበት ጁስ ነው። ሥጋና ወተት የለበትም፣ ስለዚህ የጾም ነው!

ይህ በእኔ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። በዘመቻ ሙሴ በ1977 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1984 እና 85) እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤል ወገኖቻችንን አስቡ። እንጀራቸውን አልተዉም። ጤፍ ስለማይገኝ ግን በነጭ ዱቄት ይጋግሩት ነበር። ገና ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ፣ እ.ኤ.አ. በ1988፣ በወጣቶቻቸው ዘንድ ሳይቀር የስኳር በሽታ መብዛቱን የእዚያው አገር ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከእነሱ በፊት የየመን አይሁዶች ላይ የታየውም ተመሳሳይ ነው። ኮኸን የተባሉ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1961 ባወጡት ጥናት፣ ከየመን አዲስ ከገቡት መካከል ስኳር የነበረባቸው 0.06 ከመቶ ብቻ ነበሩ። እስራኤል 25 ዓመትና ከዚያ በላይ ከኖሩት መካከል ግን 2.9 ከመቶ። ሐኪሙ ምግባቸውን ሲመረምሩ ያገኙት ትልቁ ልዩነት ስኳር ነበር። የመን እያሉ እምብዛም አይቀምሱትም ነበር።

አሁን ወደ እኛ ሴቶች ልመለስ። በአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ክብደታቸው ከልክ ያለፈ ሴቶች በ1992 ዓ.ም. 3 ከመቶ ነበሩ፤ በ2008 ወደ 8 ከመቶ ደርሰዋል። አዲስ አበባ ላይ ያኔ ቁጥሩ 30 ከመቶ ገደማ ነበር። እኛ ግን ይህን የምናየው እንደ በሽታ ምልክት አይደለም። የጨመረች ሴት ሲያገኙ «አምሮብሻል! ተመችቶሻል!» ነው የሚሏት። እኔ ራሴ ስንቴ በደስታ ተቀብዬዋለሁ። የሴት ስብ ወገብ ላይ ሲከማች፣ በተለይ የወር አበባ ከቆመ በኋላ፣ የደም ስኳርን የሚያወርደው ኢንሱሊን ሥራውን መሥራት ያቅተዋል። የስኳር በሽታ በልብ በሽታ የመያዝን አደጋ በሴት ላይ የሚጨምረው ደግሞ በወንድ ላይ ከሚጨምረው በበለጠ ነው። ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

«ድሮ ምግቡ ጥሩ ስለነበር የስኳር በሽታ አልነበረም» የሚለውም ወሬ ሙሉ እውነት አይደለም። አያቴ ቀጭን የነበረችው በምግቡ ብቻ አይደለም። ውኃ በእንስራ ትቀዳለች፣ እህል በድንጋይ ወፍጮ ትፈጫለች፣ ከዚያ ወንዶቹ ከበሉ በኋላ የተረፈውን ትበላለች። በዚያው በ2008ቱ ጥናት 22 ከመቶ የሚሆኑት ሴቶች ከሚገባው በላይ ከሲታ ነበሩ። ይህን ጤንነት ብሎ መናፈቅ ይከብደኛል።

እኔ ደግሞ የ77 ልጅ ነኝ። እናቴ እኔን ያረገዘችው በዚያ ረሃብ ነው። ሆላንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 45 ክረምት በረሃብ ጊዜ ማኅፀን ውስጥ የነበሩ ሰዎች፣ 50 ዓመት አካባቢ ሲደርሱ ስኳርን የመቋቋም አቅማቸው ደክሞ ተገኝቷል። ሰውነቴ ለማጣት ተዘጋጅቶ ተወልዶ ማግኘት ገጠመው መሰለኝ። መቼም ይህ ግምቴ ነው።

ስኳሩ ሲገኝብኝ ምን እንደሰጡኝ ልንገራችሁ። ፎቶ ኮፒ የተደረገ አንድ ወረቀት። ብሮኮሊ፣ ሳልመን፣ የወይራ ዘይት ይላል። እንጀራ የሚል ቃል የለበትም። ሽሮም የለም። ስንት እንጀራ ልብላ ብዬ ብጠይቅ «ቀንሺ» ተባልኩ። ከስንት ወደ ስንት? ምስርና ክክ ከእንጀራው ጋር ሲበሉ ስኳሩ ቀስ ብሎ እንደሚወጣ፣ ስለዚህ ወጡ በዝቶ እንጀራው ማነስ እንዳለበት የነገረችኝ ከብዙ ጊዜ በኋላ ያገኘኋት ሌላ ነርስ ናት።

የበለጠ የቆጨኝ ግን ይህ ነው። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት ከወለደች ከ4 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ እንደገና መመርመር አለባት። በኋላ ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከሌላዋ ሰባት፣ አሥር እጥፍ ይሆናል። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ሲነሱ ሁለቱም እዚያው ጊዜ ውስጥ ይወድቃሉ! ለልጄ 80ኛ ቀን ድንኳን ተተከለ፣ ዶሮ ተሠራ። ከዚያ በፊት በቅቤ የራሰ ገንፎና አጥሚት እየተለመንኩ ስበላ ነው የከረምኩት። ስኳርሽን ተለክተሽ ነው ወይ ያለኝ ግን አንድም ሰው የለም። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ስለዚህ ለጸሐፊው አንድ ነገር አስቸግራለሁ። በሚቀጥለው ሲጽፉ ፒዛ ቤቱን ለጊዜው ይተዉትና ከሰፈራቸው አምስት እንጀራ ይግዙ። ምን ምን እንዳለበት ጋጋሪዋን በትሕትና ይጠይቋት። መልሷን አትሙልን።

አንባቢያችሁ ነኝ
ከአዲስ አበባ