ልጅ በጣቱ እየተከተለ ያንብብ

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፤

በደሴ ከተማ የአንደኛ ክፍል ልጆችን ፊደል በማስቆጠርና በማስነበብ ዓመታት ያሳለፍሁ መምህርት ነኝ። አንዲት እናት፣ ልጃቸው ሲያነብ ዓይኑ ወዲያ ወዲህ እያለ ስላሳሰባቸው የዓይን ልምምድ በክፍያ ሊያስጀምሩት ማሰባቸውን ሲነግሩኝ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

የማናችንም ዓይን በመስመሩ ላይ እየተንሸራተተ አያነብም፤ እየዘለለ ያርፋል እንጂ፤ የለመደ አዋቂ አንባቢ በእያንዳንዱ ማረፊያ የሚቆየው በአማካይ የሰከንድ ሩብ ያህል ነው። ጀማሪ ልጅ ግን ረዘም አድርጎ ያርፋል፣ በአጭር በአጭሩ ይዘላል፣ ወደ ኋላም ደጋግሞ ይመለሳል፤ ይህም በአብዛኛው «በ»ን ከ«ሰ»፣ «ሉ»ን ከ«ሊ» ለይቶ ድምፁን ለማውጣት የመታገሉ ምልክት እንጂ የዓይን ጉድለት አይደለም። ንባቡ ሲቀና የዓይኑም አካሄድ አብሮ ይቃናል። የአሜሪካ የሕፃናትና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራትም እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ የዓይን ልምምድ የንባብን ችግር ለማከም እንደሚረዳ በቂ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቀዋል።

እርግጥ አጥርቶ የማያይ ልጅ ስለሚኖር የዓይን ምርመራው አይቅር። ከዚያ በኋላ ግን ገንዘቡ ለተረት መጽሐፍ ይዋል፤ ባልደረቦቼም መስመሩ እንዳይጠፋበት በጣቱ የሚከተለውን ጀማሪ፣ እኔ ቀድሞ እል እንደነበረው፣ «ጣትህን ከመጽሐፉ ላይ አንሣ» ባይሉት እለምናለሁ።

መምህርት፣ ከደሴ