አበዳሪው ማን ነበር? የምስጋና መልእክት

በክርስቶስ ለተወደዳችሁ የጸሎት ኅብረታችን አባላት፤

ባለፈው እሑድ የቀረብኝን የመጨረሻ ገንዘብ አስረከብኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ለማን ምን ብዬ ማመስገን እንዳለብኝ ሳሰላስል፣ ነገሩን እያንዳንዳችሁ በቁራጭ በቁራጩ እንጂ ሙሉውን እንዳላያችሁት ታወቀኝ። ውድቀቴን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ማን እንዳነሣኝና እንዴት እንዳነሣኝ ግን የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ። ስም አልጠራም፤ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልናገር። ለታመሙና ለተቸገሩ አባሎቻችን የምናዋጣውን ገንዘብ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሙያዬ የሒሳብ ሥራ ስለሆነ የተጠራጠረኝ አልነበረም። አንድ ወር ላይ ኑሮ ጠበበንና «ደመወዝ እስክቀበል» ብዬ ትንሽ ወሰድኩ፤ መለስኩም። በሁለተኛው ጊዜ ግማሹን መለስኩ። ሦስተኛውን አልመለስኩም። ከዚያ ወዲያ መዝገቡን የምጽፈው ከእውነት ጋር ሳይሆን ከእኔ ጋር እንዲስማማ ሆነ። አንድ የወጪ መስመር ላይ የነበረችውን 1 ቁጥር፣ አናቷ ላይ ጭረት ጨምሬ 7 ያደረግኩባት ማታ አትረሳኝም። እስክሪብቶው ያው ሰማያዊ ነበር፤ ጭረቷ ግን ደመቅ ብላ ወጣች። ከዚያ በኋላ መዝገቡን በከፈትኩ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው እርሷ ላይ ነበር። ከእኔ በቀር ያያት የለም። እንዲህ እያልኩ 14 ወር ኖርኩ።

በእነዚያ ወራት ጸሎት አላቋረጥኩም። ይህን ስናገር አፍራለሁ፤ እንዲያውም ከቀድሞው አስረዝም ነበር። «ጌታ ሆይ፣ ድካሜን አንተ ታውቃለህ» እላለሁ፤ አለቅሳለሁም። «ድካም» የምትባለው ቃል ስንቱን ትሸፍናለች! በመዝሙር 32 ላይ ዳዊት ኃጢአቱን ደብቆ ዝም ባለ ጊዜ አጥንቶቹ እንደ ተጎዱ ይናገራል። እኔ ደግሞ ዝም አላልኩም። አንዲቱን ነገር ላለመናገር ብዙ እናገር ነበር።

እናታችን ሆይ፣ የመጀመሪያው ምስጋናዬ ለእርስዎ ነው። ለሕክምናዎ ገንዘብ ተፈልጎ ሣጥኑ ባዶ የሆነበት ሳምንት ነው እግሬ ወደ ቤትዎ ያመጣኝ። ወጪው ከሌላ ተገኝቶ ታክመዋል፤ እርሱ ግን የእኔን በደል አያቀልለውም። አልጋዎ አጠገብ ተቀምጬ ግማሽ ሰዓት ያህል ዙሪያውን ስዞር ቆየሁና «ከኅብረቱ ገንዘብ ተበድሬ ነበር» አልኩ። እርስዎም ትራስዎን አስተካክለው «አበዳሪው ማን ነበር፣ ልጄ?» አሉኝ።

ቁጣ አልነበረበትም። ስሙን ለማወቅ የፈለጉ ይመስሉ ነበር። መልስ ፈልጌ አጣሁ፤ ያበደረኝ ሰው አልነበረማ። «ሰረቅኩ» የሚለው ቃል ያን ጊዜ ወጣ። በሕይወቴ ስለ ራሴ ተናግሬው የማላውቀው ቃል ነው። እጄን ይዘው አብረውኝ አለቀሱ፤ «ምንም አይደለም» ግን አላሉኝም። ብለውኝ ቢሆን ኖሮ ሸክሜን እንደ ተሸከምኩ ወደ ቤቴ እመለስ ነበር።

መጋቢያችን በኋላ እንዳስረዱኝ፣ በ1ኛ ዮሐንስ 1፥9 «ብንናዘዝ» ተብሎ የተተረጐመው የግሪክ ቃል በሥሩ «ያንኑ መናገር» ማለት ነው፤ እግዚአብሔር ስለ ነገሩ የሚለውን እኛም ማለት። እርሱ ስርቆት ያለውን እኔ ብድር እያልኩ 14 ወር ሙሉ ብጸልይም፣ አንድ ቀን እንኳ አልተናዘዝኩም ማለት ነው።

መጋቢ፣ እርስዎን የማመሰግንበት ብዙ ነው። ከሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የሰጡኝ የሒሳብ ሥራ ነው። በማግስቱ ቢሮዎ መጥቼ «ትንሽ ይታገሡኝ፤ ለሰውም ለእግዚአብሔርም ሁሉንም እከፍላለሁ» ስልዎ ማቴዎስ 18ን ገለጡልኝ። ባሪያው ለጌታው ያለበት ዕዳ 10,000 መክሊት ነው። ወረቀት አቀበሉኝና «ባለሙያዋ አንቺ ነሽ፤ አስዪው» አሉኝ። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ነው፤ አንድ ዲናር ደግሞ የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ። ሲባዛ 60,000,000 የሥራ ቀን ሆነ። ሰውየው በዓመት 300 ቀን ቢሠራና አንዲት ሳንቲም ባያወጣ 200,000 ዓመት ይፈጅበታል። ይህ ሰው ነው እንግዲህ ወድቆ «ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» የሚለው። ሳቅኩ። ንግግሩ ከጥቂት ደቂቃዎች በፊት ከራሴ አፍ የወጣው መሆኑ ሲገባኝ ግን ሳቁ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ጌታው ቀጠሮ አላራዘመለትም። ዕዳውን ተወለት። (ያው ባሪያ ወጥቶ 100 ዲናር ያለበትን ባልንጀራውን ሲያንቅ እናገኘዋለን። እርሱንም አውቀዋለሁ፤ እኔው ነኝ፤ ግን ለሌላ ቀን ይቆየን።)

በዚያው ቀን ግን ሌላ ገጽም ገለጡ፤ ዘኍልቍ 5፥7። የበደለ ሰው ይናዘዝ፣ የወሰደውን ለተበደለው ሰው ሙሉውን ይመልስ፣ አንድ አምስተኛም ይጨምርበት ይላል። ቀራጩ ዘኬዎስማ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ብሏል። «ለእግዚአብሔር የምትከፍዪው የለሽም፤ ለሰዎቹ ግን አለብሽ። ሁለቱን አታደባልቂያቸው» አሉኝ። ጸጋ ሲሰበክ ብዙ ሰምቻለሁ፤ ይህ ሁለተኛው ገጽ ሲገለጥ ግን ብዙም አልሰማሁም። እንደ እኔ እንደ እኔ ሁለተኛው ገጽ የሌለበት ስብከት እንደ እኔ ያለውን ሌባ ያስደስታል፤ የተሰረቀውን ሰው ግን ይረሳዋል።

ውድ ባለቤቴ፣ ላንተ መናገር ከሁሉ ከብዶኝ ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም አልክ። ከዚያ የቤታችንን ወጪ የምንጽፍበትን ደብተር አምጥተህ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋህና «ከምን እንቀንስ?» አልክ። «እንቀንስ» ነው ያልከው፤ «ቀንሺ» አላልክም። ገንዘቡን የመለስኩባቸውን 10 ወራት ያለፍኩት በዚያች ቃል ነው።

ነገሩን ለሁላችሁ በተናገርኩበት ምሽት ወንበርህን ገፍተህ የወጣኸው ወንድሜ፣ አንተንም አመሰግናለሁ። በር ላይ ዞረህ «ይቅር ተብለሻል ማለት መዝገቡ ይመለስልሻል ማለት አይደለም» ያልከው ያን ቀን መሮኝ ነበር። እውነትህን ነው። በዚያ ገንዘብ ውስጥ የሟች እናትህ መዋጮ እንዳለበት አውቃለሁ። ዛሬም ሰላምታችን አንገት ከመነቅነቅ አላለፈም፤ አልቸኩልብህም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ምን ተለወጠ ብላችሁ ለምትጠይቁኝ፣ የሚነገር ታላቅ ነገር የለኝም። ማታ ማታ ከመተኛታችን በፊት እኔና ባለቤቴ የዋልንበትን እንነጋገራለን፤ ያጠፋሁትን በስሙ እጠራዋለሁ። ለምሳሌ ገና ከቤት ሳልወጣ በስልክ «መንገድ ላይ ነኝ» እላለሁ። ይህ ውሸት ነው፤ ትሕትና አይደለም፣ ሰው ላለማስቀየምም አይደለም። መጀመሪያ መጀመሪያ እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር መናዘዝ ልጅነት ይመስለኝ ነበር። አሁን የማየው ሌላ ነው፤ ጥፋቴን ስሙን ለመጥራት ያኔ 14 ወር ፈጅቶብኛል፣ አሁን እስከ ማታ አይቆይም። ጥፋቱማ አልቀረም። ባለፈው ሳምንት ያጋጠመኝን ግን ማታውን መጠበቅ አቅቶኝ፣ ስልኩን ሳልዘጋ «ይቅርታ፣ ገና ቤት ነኝ» አልኩ። ወዳጄ ሳቀች። እኔ ግን ያን ቀን በደስታ ዋልኩ።

መዝገቡን ከእኔ የተረከብከው ታናሽ ወንድማችን፣ አንተን ወደ መጨረሻ ያቆየሁህ በምክንያት ነው። እሑድ ዕለት ፖስታውን ስሰጥህ ፊቴ ቆጠርከው። ከዚያ አንገትህን ደፍተህ፣ ጆሮህ እስኪቀላ አፍረህ፣ እንደገና ቆጠርከው። ደረሰኙ ላይ ድምሩን ስትጽፍ አንድ 7 ነበረችበት፤ ወገቧ ላይ አግድም ጭረት አኖርክባት። ስመለከትህ ጊዜ «ከ1 ጋር እንዳትምታታ ብዬ ነው» አልከኝ። የእኔን ጭረት ታሪክ ያን ጊዜ አታውቅም ነበር፤ አሁን አወቅከው።

ሁለት ጊዜ ስለ ቆጠርክ አመሰግንሃለሁ። ስለዚያች ጭረትም።

እኅታችሁ