«እንደተነቀለ ተጉመጥመጡ» የተባለው ይታረም

ክቡር አዘጋጅ፣

ስለ ዊዝደም ቱዝ (መጨረሻ ላይ የሚበቅለው የመንጋጋ ጥርስ) ነቀላ ያወጣችሁትን አነበብኩ። «ጥርሱ እንደተነቀለ አፍን በሞቀ የጨው ውሃ ደጋግሞ መጉመጥመጥ» ይላል። እንደተነቀለ! በመጀመሪያው 24 ሰዓት መጉመጥመጥ ፈጽሞ አይደረግም፤ ይህን ሳትጠይቁ ማተማችሁ አስቆጥቶኛል።

ጥርሱ የወጣበትን ጉድጓድ የሚያድነው እዚያው የረጋው ደም ነው። አጥንቱን ይሸፍናል፣ አዲሱ ሥጋም የሚበቅለው በእሱ ላይ ነው። ታጥቦ ከወጣ አጥንቱ ራቁቱን ይቀራል፤ ድራይ ሶኬት የምንለው ይህ ነው። በተለይ በታችኛው መንጋጋ ያጋጥማል። ሕመሙ ረገብ ማለት ሲገባው በ3ኛው ቀን ግድም ይብሳል፣ ወደ ጆሮ ይወጣል፣ አፍ ይሸታል። ያኔ ሰው ፒያሳ ወርዶ አሞክሳሲሊን የሚባለውን አንቲባዮቲክ ይገዛል። ድራይ ሶኬት ግን በአንቲባዮቲክ አይድንም፤ ጉድጓዱ በሐኪም ታጥቦ የቅርንፉድ ዘይት ያለው መድኃኒት ይደረግበታል።

ስለዚህ መጀመሪያ ጎዙን (ሐኪሙ ጉድጓዱ ላይ የሚያደርገውን የቁስል ጨርቅ) ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ጠበቅ አድርጎ መንከስ ነው፤ በየመሃሉ እያነሱ ደሙን ማየት የለም። በኃይል መትፋት፣ በስትሮ መምጠጥና ሲጋራ የረጋውን ደም ያፈናቅላሉ። የጨው ውሃው ከ24 ሰዓት በኋላ ይጀመራል፦ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውሃ፣ ከምግብ በኋላ። አንገትን ዘንበል እያደረጉ ቀስ ብለው ያንቀሳቅሱት፣ ከዚያ ሳይተፉ ከአፍ ይፍሰስ። እብጠቱ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ከፍ ይላል፤ ያ ብቻውን አያስደነግጥም። ከዚያ በኋላ እየጨመረ ከሄደ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ወደ ሐኪም መመለስ ግድ ነው።

«ጥርሱ ተስቦ ይወጣል» ማለታችሁም ሰው ያሳስታል። አጥንት ውስጥ የተቀበረ ጥርስ በጉልበት አይሳብም። ድዱ ይከፈታል፣ የሸፈነው አጥንት በድሪል ይነሣል፤ ሳላይን (ንጹሕ የሕክምና ጨው ውሃ) ሳይቋረጥ ይፈስበታል፣ አለዚያ ሙቀቱ አጥንቱን ይገድላል። ከዚያ ጥርሱ ተቆርጦ በክፍል በክፍል ይወጣል፣ ድዱም ይሰፋል። ሥሩ ለታችኛው ከንፈር ስሜት የሚሰጠውን ነርቭ ሊጠጋ ስለሚችል አስቀድሞ ኤክስሬይ ያስፈልጋል።

ለስላሳ ምግብ ብላችሁ የዘረዘራችሁት ደግሞ እርጎ፣ ወተትና እንቁላል ብቻ ነው። የሚጾመው ሰው አንባቢያችሁ አይደለም? በውሃ የተሠራ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ የአልጫ ሽሮ ፍትፍት ቀዝቀዝ ሲል ይበቃዋል። እስከ 9 ሰዓት ሳይበላ የሚቆይ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ አስቀድሞ ይንገር፤ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን በባዶ ሆድ ሲወሰድ ጨጓራ ሊጎዳ ይችላል።

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን አውጡት። ዛሬ ጥርሱን የተነቀለ ሰው ጽሑፋችሁን አምኖ ማታ ውሃ ያሞቃል።

የጥርስ ሐኪም፣ ከአራዳ፣ አዲስ አበባ